ማን፣ የማንን፣ የት

ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለሆዮ ማርያን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ የጅግጅጋን ብርድ ቻለው? ሐናንና ሕፃኑስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ቤትዎም ደህና ነው። ደብዳቤዎን ከሂርሲ እጅ ሐሙስ ተቀበልኩ። ሚኒባሱ ሐረር ላይ ተበላሽቶ አድሮ ኖሮ ወረቀቱ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ዘንድሮ በሹፌር እጅ ደብዳቤ የሚላላክ ሰው ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ግን ጆሮዬ ስልክ አይሰማም ካሉኝ ምን ይደረጋል።

ትተውልኝ ስለሄዱት የእንግሊዝኛ ክፍል ለጠየቁኝ፣ ልጆቹ በዝተዋል። ከስፌት ፋብሪካው ወጥቼ፣ ዐስር ሰግጄ ሳበቃ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ። የማስተምራቸው እርስዎ እኛን ባስተማሩበት ጨዋታ ነው። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንዱ ይነሣና የሌላውን ዕቃ ወስዶ አንድ ቦታ ያስቀምጣል። ዓይን ሲገለጥ ማን አደረገ፣ የማንን ዕቃ፣ የት የሚለውን በእንግሊዝኛ በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው። «ጦልሃ የአያንን መነጽር ከምንጣፉ ሥር ደበቀ።» «ዩሩብ የጦልሃን እስክሪብቶ ከባልዲው ኋላ አስቀመጠች።» ያለፈ ነገር ሲሆን «ፑትድ» እያሉ ጅራት ይቀጥሉበታል እንጂ ነገሩስ ገብቷቸዋል። እርስዎ ቢሰሟቸው በማስመሪያ ያባርሯቸው ነበር።

የልጅዎን የሙስአብንም ዕቃ አቧራ እንዳይጠጣ ብለው እንዳዘዙኝ በየቀኑ ከጨዋታው አስገባዋለሁ። ኮፊያውን፣ ራዲዮኑን፣ ነጠላ ጫማውን። ልጆቹ እሱን በዓይናቸው አላዩትም፤ የጫማው ተረከዝ በየት በኩል እንደተበላ ግን ያውቃሉ። እንደሚያውቁት፣ ያ የሁለት ዓመት ልማዳቸውም አልቀረም። አድራጊው ካልታወቀ ወይም አጥፍቶ ማመን ካልፈለገ፣ ያደረገው ሙስአብ ነው ይላሉ። «ሙስአብ የአያንን ብርጭቆ ከመስኮቱ አጠገብ ሰበረ።» «ሙስአብ የዩሩብን ሳምቡሳ ከቦርሳዋ ውስጥ በላ።» እስቃለሁ። ኒካሃችን ታስሮ ሰርጋችን ሳይደርስ፣ «የሰርጉን ሠርቼ ልምጣ» ብሎ ባሕሩን ሊሻገር ከወጣ ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እዚህ ቤት ግን እንደ እሱ ሥራ የበዛበት ሰው የለም።

ትናንት ደግሞ ከአልጋው ሥር ያደረግሁት ጫማው ከበሩ አጠገብ፣ ጣቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገኘ፤ ሰው ከውጭ ገብቶ ሲያወልቅ እንደሚተወው። ማን አደረገው ስላቸው ሁሉም «ሙስአብ» አሉ። አንዳቸውም አልሳቁም።

ሌላው የበሩ ነገር ነው። ቁልፉ ሲገባ እየያዘ አስቸግሮኛል። መቆለፊያውን በአዲስ ልቀይረው ወይ?

ልጅዎ አያን

—

ጅግጅጋ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ አያን፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ሐናን ለምትባል ልጅ እናት መሆንና የልጅ ልጅ ማዘል አንድ ላይ አይሄዱም።

ፑትድ የሚባል ነገር የለም። አንዴ ያለፈ ነገር ላይ ሌላ ጅራት አይቀጠልም፤ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው። ጨዋታውም ሕግ አለው፦ ዓረፍተ ነገሩ በትክክል እስኪነገር ድረስ ያደረገው ልጅ «እኔ ነኝ» አይልም፤ ከተነገረ በኋላ ግን እጁን ያወጣል። አንቺ እጅ ማውጣቱን ትተሽዋል። ለዚህ ነው ሁሉም በሙስአብ የሚያሳብበው።

ስለ ጫማው አትፍሪ። ጂን እንግሊዝኛ አይማርም።

መቆለፊያውን አትቀይሪ። ሙስአብ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ መጥቶ በሩ እንቢ ቢለው ምን ይሰማዋል? የእኔ ቁልፍ ሽንት ቤት ጉድጓድ ከገባ ወዲህ፣ ስቀሽብኝ ነበር ታስታውሻለሽ፣ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ያንቺና የእሱ። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊበት። የምግብ ዘይት እንዳይሆን።

በሂርሲ አፍ የላክሽውን ጥያቄም ሰምቻለሁ። አብሮት የወጣው ኻሊፍ ተመልሶ ጅግጅጋ ገበያ ታየ ይባላል ብለሻል። ጅግጅጋ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ሰው ደግሞ ሰውን ይመስላል።

ልጆቹን በደንብ ያዢያቸው። ስትጽፊ ሙስአብ ምን ምን እንዳደረገ አትዝለይ፤ እስቃለሁ።

እናትሽ ማርያን

—

ሳቢያን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆዮ ማርያን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር አስፈርቶኝ ነው።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። የጎረቤታችን ልጅ ሱፍያን፣ እኛ ፋብሪካ የስፌት መኪና የሚጠግነው፣ ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴም ነገሩን ይዞ ቃዲው ዘንድ ሄደ። ቃዲው ያሉት አጭር ነው፦ «ባሏ ሞቶ እንደሆነ ያየ ምስክር ይቅረብ። ምስክር ከሌለ ጋብቻው በፍርድ እንዲፈርስ ታመልክት።» የሱፍያን ሰዎች ከረመዳን በፊት ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋሉ።

እኔ አላመለክትም። ሊመጣ ከሚችል ሰው አልፋታም። ሞቶም እንደሆነ ሳይለቀስለት በወረቀት አይሰናበትም። ሚስት ከሆንኩ ሚስት ልሁን፤ መበለት ከሆንኩ ልወቀውና ላልቅስ። ሁለቱንም ሳልሆን መኖር ነው የከበደኝ። ሱፍያንን አልጠላውም ሆዮ። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢያሳፍረኝም እውነት ነው።

ስለ ልጆቹ ጠይቀውኝ የለ? እጅ ማውጣቱን ብመልሰውም አልተዉም። አሁን ምንጣፉ ላይ ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ይተዋሉ። ሰኞ ዕለት አዲስ የመጣ ልጅ እዚያ ቢቀመጥ ዩሩብ እጁን ይዛ አነሣችው። «ዋሪያ፣ ተነሥ! ሰው አለበት!» አለችው። ከሰዓት ንፋሱ በሩን ሲነቀንቀው ሁሉም አንድ ላይ ዞር ይላሉ። እኔም እዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኮፊያው ታጥቦ፣ ግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። እኔ አላጠብኩትም። ጠየቅኋቸው። «ሙስአብ ኮፊያውን ከቧንቧው ሥር አጠበ» አለኝ ጦልሃ፤ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ስሕተት የለበትም። እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ ልቆጣ አስቤ ኮፊያውን ከገመዱ አወረድኩት።

ሆዮ፣ አንድ ነገር ሰምተው እንደሆነ ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን።

አያን

—

ጅግጅጋ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ አያን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለቆየሁ አትቀየሚኝ። እዚህ ብርዱ ጠንክሯል። የሐናን ልጅ ጥርስ እያወጣ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ መነጽሬንም ነክሶታል።

ሱፍያንን አስተምሬዋለሁ። ፊደሉ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱም ጨዋ ናት። አንቺ ገና ወጣት ነሽ። ልብሽ ካለ እኔ አልይዝሽም።

ስለ ሌላው ጥያቄሽ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ። አሁን ሕፃኑ እያለቀሰ ነው።

እናትሽ ማርያን

—

ሳቢያን
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆዮ ማርያን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሕፃኑ ዝም እስኪል ጠበቅሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለቀሰ።

እንግዲህ ተቆጥቻለሁ። መቆለፊያ እንዳልቀይር የከለከሉኝ ሴት፣ ባል እንድቀይር በአንድ መስመር ፈቀዱልኝ? ያ ሁሉ «ሙስአብ ቢመጣ፣ በሩ እንቢ ቢለው» የት ገባ? ወይ ይመጣል ይበሉኝ፣ ወይ አይመጣም ይበሉኝ። እንደ ሕፃን በሌላ ነገር አያታልሉኝ።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ልቀደው አስቤ ነበር። እናቴ ኖት፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን አልቀደድኩትም።

ቁልፉ ማክሰኞ በሩ ውስጥ ተሰበረ፤ እጀታው ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሱፍያን በአጥር ዘሎ በመስኮት ገባና ከውስጥ ከፈተልን። ከበሩ ውስጥ የቀረውን ስባሪም በሽቦ አወጣው። «መቆለፊያው ራሱ ደህና ነው፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። ከሱ ምን ልደብቅ፣ ቁልፉ ባሕር ማዶ ነው አልኩት።

የጫማውም ነገር ተገለጠ። ቁልፉ ሲሰበር ዩሩብ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆንሽ ስላት፣ «ቲቸር፣ ጫማውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሲመጣ እንዳያጣው ብዬ ነው እንጂ አቦ፣ ለክፋት አይደለም! አሁን በምን ይገባል?» አለችኝ። የማታውቀው ሰው በምን እንደሚገባ አስጨንቋታል። ምን ብዬ ላባብላት? አብሬያት አለቀስኩ።

ስለዚህ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ። መቆለፊያውን ልቀይር ወይስ አልቀይር?

አያን

—

ጅግጅጋ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያን፤

ቁልፍ በሂርሲ እጅ ልኬልሻለሁ፤ በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ። በሩን ክፈቺ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ አይቁሙ።

ማርያን

—

ሳቢያን
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆዮ ማርያን፤

ቁልፉ ደረሰኝ። ሂርሲ በመስኮት ሲያቀብለኝ ጨርቁን እዚያው መንገድ ላይ ፈታሁት። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው መሐል አስፋልት ላይ መቆሜን ያወቅሁት።

የእርስዎ ቁልፍ ጉድጓድ ገብቷል። የእኔ ተሰብሯል። ይህ ቁልፍ ላይ ደግሞ የሸሚዝ ኮሌታ መለያ ጥብጣብ ተሰፍቶበታል፤ ግማሹ በሰማያዊ ክር፣ ግማሹ በቀይ። ሰማያዊው መሐል ላይ አልቆብኝ ነበር። እሱ «ተይው፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው» እያለ በር ላይ ሲቆም፣ እኔ ነኝ ቸኩዬ በቀይ የጨረስኩት። ከኪሱ እንዳይጠፋበት ብዬ።

በሩን ከፈትኩበት። አንድ ጊዜም ሳይዝ ከፈተ።

ስልክ ደወልኩልዎ፤ ሐናን «ሆዮ አይሰማትም» ብላ ዘጋችብኝ፤ ድምፅዋ ደህና አልነበረም። እንግዲያው በወረቀት ልጠይቅዎት። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ እርስዎ ኖት። ዓይኔን ከፍቻለሁ። ዕቃው ፊቴ ነው። ማን? የማንን? የት? ይንገሩኝ።

አያን

—

ጅግጅጋ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያን ልጄ፤

ጆሮዬ ደህና ነው። ስልክ የማላነሣው ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ነው።

ኻሊፍ እኔ ዘንድ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከስቶ ነበር፤ ከበሩ ላይ አላወቅሁትም። ሻይ ቀርቦለት አልጠጣም። አንድ ነገር ልሰጥዎ ነው ሲለኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንደ ክፍሉ ልጆች ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለአያን እኔ እነግራታለሁ፣ አንተ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት። እሱም ፊትሽን ማየት ስለፈራ ደስ ብሎት ማለ።

በዚያ ሰሞን ልነግርሽ ብዕር አነሣሁ። ያን ቀን ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ። ሙስአብ የጦልሃን ደብተር ከራዲዮኑ ሥር ደበቀ ይላል። አያን፣ እኔ እዚህ ልጄን ቀብሬ ተቀምጫለሁ፤ እዚያ ሳቢያን አንድ ክፍል ውስጥ ልጄ ይደብቃል፣ ያስቀምጣል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ የሰው ሳምቡሳ ይበላል። ልጽፍልሽ ስነሣ እጄ እንቢ አለኝ። በየደብዳቤሽ «ዛሬ ደግሞ ምን አደረገ?» እያልኩ ፖስታውን እከፍታለሁ። ባንቺ ዕድሜ ነበር ልጄን የማኖረው። ይህን አሁን ስጽፈው ነው አስቀያሚነቱን ያየሁት።

ጥብጣቡን ልቆርጠው መቀስ አንሥቼ ነበር። ቆርጬ ብልከው «አስቀርጬው ነው» ማለት እችል ነበር። መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት። አፌ እንቢ ያለውን ቁልፉ ይንገራት አልኩ።

ባሕሩን አልተሻገረም። ጀልባ ሲጠብቁ ትኩሳት ያዘው፤ ብዙም አልታመመም ይላል ኻሊፍ። ገላውን የሚያጥብበት ውሃ ስላልነበረ ኻሊፍ በአሸዋ ተየሙም አድርጎለት ሰገደበት። ጥያቄሽን እንዳስተማርኩሽ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ በሰው ቋንቋ እንባው ይዘገያል ብዬ ነበር። አልዘገየም። ስለዚህ በራሳችን ልበለው፦

ኻሊፍ የልጄን ገላ ከባሕሩ ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር ቀበረ።

ኻሊፍ ቃዲው ፊት ቆሞ ይመሰክራል። በሂርሲ መኪና ቅዳሜ ይመጣል። እኔ ለመምጣት ያንቺን ቃል እጠብቃለሁ። አትምጪብኝ ካልሽም መብትሽ ነው።

ማርያን

—

ሳቢያን
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለሆዮ ማርያን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ኻሊፍ መሰከረ። ቃዲው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ መበለት የምትቀመጠው የአራት ወር ከዐሥር ቀን ኢዳ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው፤ ያንቺ ሳታውቂው አልፏል» አሉኝ። ሳላውቅ መበለት ሆኜ፣ ሳላውቅ ጨርሼዋለሁ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ምን እያደረግሁ ነበር ብዬ አሰብኩ። ጫማውን ከአልጋው ሥር እያስቀመጥኩ ነበር። በሕጉ ቢያልፍም ለራሴ ልቀመጥለት ነው። ሱፍያንን ከረመዳን በፊት መልስ የለኝም፣ ከዚያ በኋላም አታስቸኩለኝ አልኩት። «እንደ ፈለግሽ» አለኝ። አጥሩን ሲዘል የተቀደደ ሱሪው እስካሁን አልተሰፋም።

በእርስዎ አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ሁለት ዓመት የኔ ነበር፤ ወሰዱብኝ። ግን እኔም በየደብዳቤው እሱን እየሠራሁ የምልክልዎ፣ ለእርስዎ ብቻ ብዬ አልነበረም።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን አስጨፍኜ ቁልፉን ከምንጣፉ መሐል አስቀመጥኩና ሲገልጡ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር አልኩላቸው፤ በእንግሊዝኛም፣ በእኛም። ዩሩብ «እስካሁን ሁሌ አድራጊው እሱ ነበር» አለች። አዎ አልኳት።

ከዚያ ጦልሃ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ብርጭቆውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።» ከኋላው ያለው ልጅ ቀጠለ፤ «ሳምቡሳውን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ ርቦኝ ነው።» ደብተሩን የደበቀው ተነሣ፤ ራዲዮኑን የነካካው ተነሣ። ሳልጠይቃቸው አንድ በአንድ ሥራቸውን ከሙስአብ ላይ ወሰዱ። እኔ እያንዳንዱን ስሰማ ተዉለት፣ ተዉለት ማለት ነበር የቃጣኝ። አዲሱ ልጅ ተነሥቶ ክፍቱ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ዩሩብ አየችውና ጠጋ አለችለት።

ሆዮ፣ ይምጡ። ለቅሶው በቤትዎ ነው፤ ቁልፉም እዚህ አለ። ሂርሲ የፊት ወንበር ይዞልዎታል።

ኮፊያውን ግን ያጠብኩት እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም። ደግሜ ጠየቅሁ፤ እርስ በርስ ተያዩ። እሱን ለሙስአብ ተውንለት።

ልጅዎ አያን